ጤናው የሚበላበት ቤት

አንለይ ከዳንግላ ተመድቦ አሶሳ ሲገባ የምረቃ ፎቶው እንኳ ገና ታጥቦ አልደረሰለትም ነበር። የተማረው የአካባቢ ጤና ስለሆነ ምግብ ቤቶችን፣ ሥጋ ቤቶችንና ጁስ ቤቶችን እየዞረ እንዲቆጣጠር ተደረገ። የሥራ መደቡ መጠሪያ አንድ መስመር ሙሉ የሚይዝ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ያን ሁሉ ለመጥራት ጊዜ አልነበረውም። ነጭ ጋዋን ለብሶ ከባጃጅ ሲወርድ ያየው አስተናጋጅ ሁሉ ወደ ጓዳ እየሮጠ «ጤናው መጣ!» ይላል። በዚያው ጤናው ሆኖ ቀረ። አንዳንዱማ እናቱ ያወጣችለት ስም ይመስለው ነበር።

ሥራውን ይወዳል። የማንንም ውለታ አይቀበልም፣ በማንም ላይ አይጮህም፤ ያየውን ጉድለት በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል፣ ካልታረመ ያሽጋል። ችግሩ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። አንለይ የሚኖረው ብቻውን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ምግብ ማብሰል ደግሞ አልሆነለትም። አንዴ ሽሮ ልሥራ ብሎ አከራዩ «እሳት ተነሳ?» እያሉ በባልዲ ውሃ ይዘው ከገቡበት ወዲህ ያንን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ስለዚህ ውጭ ይበላል። የሚበላበት ቤት ሁሉ ግን እሱ የሚቆጣጠረው ቤት ነው።

ገብቶ ሲቀመጥ ቤቱ ጸጥ ይላል። የእሱ ሳህን ታጥቦ የነበረ ቢሆንም እንደገና በፈላ ውሃ ይታጠብና ውሃው እየተንጠባጠበ ይመጣል። ጥብሱ ተህዋስ ይቅርና ጣዕምም እንዳይተርፍበት ሆኖ የጫማ ሶል እስኪመስል ይጠበስለታል። ጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ሰላጣ እየበላ ለእሱ «ሰላጣ አልቋል» ይባላል። ዳጣ ሲጠይቅ ባለቤቱ ራሱ ይዞለት ይመጣና ሲውጥ ቆሞ ያየዋል። አንለይ ሥራውን ባጠበቀ ቁጥር ምሳው እየባሰበት ሄደ። ሠርግ ሲጠራ እንኳ ሰዎቹ ከድንኳኑ ነጥለው ወደ ማድቤቱ ይወስዱትና «እስቲ አንዴ አየት አድርግልን» ይሉታል፤ ካየላቸው በኋላ መብላቱን የሚያስታውስ የለም።

በአንድ የመጋቢት ቀትር፣ አሶሳ እንደ ምጣድ ግላ፣ ጋዋኑን አጥፎ በብብቱ ይዞ ከገበያው ዳር ያለ ጁስ ቤት ሊያይ ሲሄድ የተቆላ ለውዝ ሽታ ያዘው። ሽታውን ተከትሎ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ደረሰ። ከዛፉ ጋር ተያይዞ የቆመ፣ ጣሪያው ሣር የለበሰ የቀርከሃ ዳስ አለ። ውስጡ ሰፋ ያለች ሴት እንደ መቅዘፊያ ባለ ማማሰያ የማሽላ ገንፎ ታገላብጣለች። ማሪያም ትባላለች፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ጉባ ላይ ግድቡ ሲሠራ ለካምፕ ሠራተኞች ስታበስል ኖራ ወደ አሶሳ የተመለሰችው በቅርቡ ነው።

«ግባ፣ ፀሐይ አለ» አለችው ቀና ሳትል።

«እኔ እንኳ ለመብላት አልነበረም የመጣሁት። ከጤና ነኝ።»

«እኔም ጤና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ማሪያም፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ልጆችሽም ደህና?»

አንለይ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። በዚያው ዓይኑ ልማዱን ሠራ። ሳህኖቹ ሁሉ የሚለቀለቁት በአንድ ሳፋ ነው። የመጠጥ ውሃው ክዳን በሌለው ጀሪካን ተቀምጧል። እጣቢው ከማንጎው ሥር ይደፋል፣ ዝንቡም እዚያው ሰፍሯል። ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ አሰበ፤ ይሁንና ብዕሩ ከኪሱ ሳይወጣ ጎድጓዳው ሳህን ፊቱ ቁጭ አለ። መሐሉ ላይ ጉድጓድ ያለው ትኩስ ገንፎ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በለውዝ የተሠራ ባሚያ። ሥጋ የለበትም፤ ስለዚህ የዳንግላው የነፍስ አባቱም ቢያዩት የሚሉት ነገር የላቸውም።

በላ። ሚጥሚጣው ዓይኑን በእንባ ሞላው፤ ማሪያም ይህን አይታ «ኧረ ወንድ!» ብላ ሳቀችበት። ማንም ሳህኑን እንደገና አላጠበለትም፣ ማንም ቆሞ አላየውም። አሶሳ ከገባ ወዲህ እንደ ሰው የበላው ያን ቀን ነበር።

ማስጠንቀቂያውን ነገ እጽፋለሁ ብሎ ሄደ። በነጋታው መጥቶ በላ። ከዚያም በነጋታው። ጋዋኑን ቢሮ እያስቀመጠ መምጣት ጀመረ። ለራሱ የሚነግረው ሰበብ አላጣም፦ ገንፎው ከእሳት እንደወረደ ስለሚቀርብ ችግር የለውም፣ ቤቱን ደግሞ በቅርብ እየተከታተለው ነው። ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነበር። አንድ ቃል ከተናገረ ማሪያም ማንነቱን ታውቃለች፤ ካወቀች ትፈራዋለች፤ ከፈራችው ደግሞ ያ ሳህን ውሃ እየተንጠባጠበ መምጣት ይጀምራል። ስለዚህ ዝም አለ።

ይህን ሁሉ ሲያስብ ከተማው እንደሚያየው ረስቶት ነበር። መጀመሪያ ያየው ሞቱማ ነው። ሞቱማ ከወለጋ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ሆዱ በትንሽ ነገር የሚታወክ ጓደኛው ነው፤ ከቤቱ ውጭ ምንም ሳይቀምስ በሙዝ የሚውልበት ቀን ብዙ ነበር። አንለይ ዳሱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲበላ ሲያየው የተስፋይቱን ምድር ያገኘ ያህል ደስ አለው። እሱ ለመምህራኑ ነገረ፤ መምህራኑ ለባንክ ሠራተኞቹ ነገሩ። ባጃጅ ነጂዎችም ቦታውን «ጤናው የሚበላበት» ብለው ሰየሙት፤ ተሳፋሪ እንዲህ ካላቸው ሌላ አይጠይቁም። ማሪያምም ስትሰማው ስሙ መሰላት። ማሪያም ሰሌዳ ሳትሰቅል፣ ፈቃድ ሳታወጣ፣ በከተማው ውስጥ ንጽሕናው የተመሰከረለት ቤት ባለቤት ሆነች።

ሰው ሲበዛ ውሃው አልበቃ አለ። ቀድሞ ለጥቂት ገበያተኛ ትበቃ የነበረችው ሳፋ አሁን ለሠልፈኛ ሳህን ስትለቀልቅ እየዋለች ውሃዋ አመድ መሰለ። አንለይ ሁሉንም ያያል። ያይና ዓይኑን ወደ ገንፎው ይመልሳል።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አሰፋሽ ቢሮው መጣች። አሰፋሽ በዋናው መንገድ ላይ ትልቅ ሆቴል አላት፤ አንለይ እያዘዛት ማድቤቷን እስከ ጣሪያው ሴራሚክ አስለብሳለች፣ ሮቶ አስተክላለች፣ ለሠራተኞቿ ጋዋን አሰፍታለች። ወንበር ስቦላት ነበር፤ አልተቀመጠችም።

«አቶ አንለይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሴራሚኩን ነቅዬ ሣር ላልብሰው?»

«ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ አሰፋሽ?»

«ምን ማለቴ እንደሆነማ ያውቃሉ። አስለብሺ አሉ፣ አስለበስኩ። ዛሬ አዳራሼ ውስጥ ዝንብ የለም፤ ሰውም የለም። ሰዉም ዝንቡም እርስዎ የሚበሉበት ሄዷል።»

«የት እንደምበላ እኮ የግል ጉዳዬ ነው።»

«የግልዎ ቢሆንማ ከተማው ለምን ተከትሎዎት ይበላል?» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች። አንለይ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

ክረምቱ ገባ። እንደ በየዓመቱ ሁሉ የተቅማጥ በሽታ እንዳይነሳ ምግብ ቤቶች በሙሉ እንዲፈተሹ ታዘዘ። አንለይ ከተማውን በጭቃ ውስጥ አዳረሰው፤ የማሪያምን ዳስ ግን ከቀን ወደ ቀን እያስተላለፈ ለመጨረሻ አስቀመጠው። መጨረሻው ሳይደርስ ሞቱማ ታመመ።

ሆስፒታል ሲደርስ ሞቱማ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው አገኘው።

«ምን በላህ?» አለው አንለይ፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት የሥራውን ጥያቄ ጠየቀ።

«አንተ የበላኸውን» አለ ሞቱማ በደከመ ድምፅ። «እኔ ቤቱን መች አየሁት? አንተን አይቼ ነው የበላሁት።»

እርግጥ ሞቱማ በዚያው ሰሞን ባምባሲ ደርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ ማንጎም በልቷል፣ የማያውቀውን ውሃም ጠጥቷል። የታመመበት ምክንያት የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ሊናገር የቻለ አልነበረም። አንለይ ግን ለእሷ ሳይነግር ከማሪያም ጀሪካን ናሙና ወስዶ አስመረመረ፤ ውሃው ንጹሕ አልነበረም። በማግስቱ ጋዋኑን ለብሶ ዳሱ ደረሰ። ማሪያም ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ዛሬ ሐኪም ሆንሽ?» አለችው።

አንለይ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ነገራት። ቀጥሎ ጉድለቱን ዘረዘረ፦ ሳፋውን፣ ጀሪካኑን፣ እጣቢውን፣ ዝንቡን። ማሪያም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይሄ ሁሉ ዛሬ ነው የመጣው?»

«አይ… ድሮም ነበር።»

«አንተ አይቷል?»

«አይቻለሁ።»

«መጀመሪያ ቀን አይቷል?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

«አይቷል፣ ዝም ብሎ በላ!» አለች ወደ ማንጎው ዞራ፤ ዛፉን ምስክር የቆጠረች ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። «ማሪያም አላወቀም። አንተ አወቀ። ለምን አልነገረኝም?»

አንለይ የሚሸሽበት አልነበረውም። «ብነግርሽ እንደ ሌሎቹ የምትፈሪኝ መስሎኝ ነው፣ እናቴ። ምግቡ ይለወጥብኛል ብዬ።»

ማሪያምን ሳቅ ጀመራት፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። «እኔ? አንተን ፈራ? ወላሂ፣ እኔ ጉባ ላይ ዶዘር የሚነዳ ሰው ነው ሲያበላ የነበረው! ተሰልፎ ይጮኻል፣ እኔ በማማሰያ አባርራለሁ። አንተን ፈራ!» ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ያ መምህሩ ታመመ? እሱ ጥሩ ሰው ነው። ለእሱ ብለህ እንኳ ንገረኝ ነበር።»

ያ ነው አንለይን አንገቱን ያስደፋው። ፈሪ እሷ ናት ብሎ የደበቀው ነገር የራሱ ፍርሃት ነበር።

ቤቱን ማሸግ ነበረበት። ዳሱ ግን በር የለውም፤ የማሸጊያውን ወረቀት ቢያዞረው ቢያገላብጠው የሚለጥፍበት ቦታ አጣ። በመጨረሻ ማንጎው ግንድ ላይ ለጠፈው፤ ዝናቡ ወዲያው ወሰደው። ማሪያም ግን ወረቀት አላስፈለጋትም። ድስቷን ራሷ ገለበጠችና «ኸላስ፣ አለቀ» አለች። «ምን ምን ይሠራል? አሁን ንገረኝ።»

ነገራት። ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ሦስት ሳፋ፣ ክዳን ያለው የእጣቢ ጉድጓድ፣ ሳህን የሚደርቅበት መደርደሪያ። መደርደሪያውን ወንድሟ ባቢከር ከቀርከሃ ሠራው። ጉድጓዱን የሚቆፍር ሰው ሲጠፋ አንለይ ቅዳሜ ዕለት ጋዋኑን አውልቆ ቆፋሪ ሆነ። በተቀመጠበት ሥልጠና ሁሉ «ኅብረተሰቡን በተግባር ደግፉ» ሲባል ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ በተግባር ሲደግፍ ያ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ሰውም አየው። ሰኞ ጧት ከተማው በሙሉ ጤናው ምግብ ቤቱ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያውቅ ነበር።

አለቃው ወይዘሮ ቃናኒ አስጠራችው።

«ድርሻ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንደሌለህ አውቃለሁ። ግን አካፋ ይዘህ ፎቶ ተነስተሃል፤ ፎቶው ደግሞ እኔ ስልክ ላይ ሳይቀር ደርሷል። ለምን እንደቆፈርክ ለስንቱ አስረዳለሁ?» ስልኩን አስቀመጠች። «ከምግብ አንስቼሃለሁ። ፀጉር ቤቶችን ያዝ።»

በእሱ ቦታ ሐኒ የምትባል ወጣት ባለሙያ ተተካች። ሐኒ ዳሱን ስትፈትሽ የውሃ ማከሚያ እንዲጨመር አዘዘች፣ ሲጨመር ፈቀደች፤ ማሪያም የዘረጋችላትን ሳህን ግን «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ መለሰችው። አሰፋሽ በበኩሏ ባሚያ በለውዝ በዝርዝሯ ላይ አስገባች። ሰው እየሄደ ቀመሰ፤ ሴራሚኩን አመስግኖም ወጣ።

አንለይ አሁን የትም ገብቶ ይበላል። አሰፋሽ ሆቴል ሰላጣ አዘዘ፤ ማንም ሳይደነግጥ መጣለት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ነገር ግን ምግቡ ዘገየ፤ አስተናጋጁ ሁለቴ አልፎት ሄደ፤ አንለይም ያንን የለሰለሰ የቁጥጥር ድምፁን ሊያወጣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ራሱን ገታ። ሳይፈሩት የሚበላ ሰው እንደ ሌላው መጠበቅም እንዳለበት ያን ቀን ገባው። በሌላ በኩል ፀጉሩ አድጓል። ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደገና ሊያጥብ ይሄዳል፤ አንደኛው ምላጩን ደጋግሞ በአልኮል ሲጠርግ ደንበኞቹ ሰልችተው ወጥተዋል።

መስከረም ሲጠባ ሞቱማ አገግሞ ወደ ማሪያም ዳስ ተመለሰ። አንለይ አጠገብ ተቀመጠና ገንፎው ሲመጣ እጁን ሰብስቦ አየው።

«ይበላል?»

«እኔን አትይ» አለው አንለይ። «እኔ የፀጉር ሰው ነኝ። ራስህ ተነሥተህ እየው።»

ሞቱማ በእርግጥም ተነሣ፤ በርሜሉን፣ ሳፋዎቹን፣ ጉድጓዱን ዞሮ አየና ተመልሶ መብላት ጀመረ። አንለይም የውሃ ጠብታ ሰምቶ ወደ በርሜሉ ተመለከተ።

«እናቴ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል። ሥሩ ጭቃ እየሆነ ነው።»

«እሺ፣ ባቢከር ነገ ይሠራል» አለች ማሪያም ማማሰያዋን ሳትለቅ። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»