ቀበሮዋ ገሳይ የደረሰች ዕለት

ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ተረት የሚነገረው መኪና ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት እንደሚሰሙ ሲያወሩ፣ መኪና ስለሌላቸው ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር። የእኔ ተረት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ በአያቴ ቮልስ ጋቢና ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የሚነገረው። ሽታውም የጭስና የፍም ሳይሆን የቤንዚን፣ የሞቀ ዘይትና ፀሐይ የመታው አሮጌ ወንበር ሽታ ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ሲሸተኝ አፌ ውስጥ ተረት ይመጣብኛል።

አያቴን «አባባ» ነው የምላቸው። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ፣ ከበር ትንሽ በምትሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቋን የዘጉት እኔ ትምህርት ቤት ልገባ አካባቢ ነው። ለምን ዘጉ ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሞባይል መጣ፤ ከእንግዲህ ሰዓት ማን ያስራል?» ሰውም አመናቸው። ለምን አያምናቸውም? ያኔ ሞባይል የያዘ ሁሉ ሰዓት ሲጠየቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ጀምሮ ነበር።

ቮልሷን «እሜቴ» ይሏት ነበር። ወተት የመሰለች፣ ክብ፣ ዓይነ ትልቅ መኪና ናት። የሚያውቃት ያውቃታል፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። ገሳይ ደርሰን አባባ የፊቱን ኮፈን ከፍተው ከስኮርታው ጎማ ጎን ስኳርና ሳሙና ሲያወጡ፣ ከበው የሚያዩት ልጆች «ሞተር የላትም! ሞተር የላትም!» እያሉ ይንጫጫሉ። አባባ ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደሰነበቱ ሁሉ ፊታቸው ይፈካል። «አዎ የላትም፤ በዱዓ ነው የምትሄደው» ይሏቸዋል። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ ጨምሩልኝ አትልም፣ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች እንጂ አትቆምም። አባባ ጋራዥ ወስደዋት አያውቁም። ከኋላዋ ቁጢጥ ብለው፣ ጆሯቸውን አቅርበው፣ ዊንጣውን ቅንጣት ታህል ያዞሩና «ሰዓትም ቮልስም በጆሮ ነው የሚታከሙት» ይላሉ። እኔ በዓለም ላይ ከእሳቸው የሚበልጥ ሐኪም ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም።

ገሳይ የምንሄደው ታላቅ እህታቸውን እትዬ ሐሊማን ለመጠየቅ ነበር። እትዬ ሐሊማ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ቅዳሜ የእሜቴን ድምፅ ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም ነበር። እናቴ፣ የአባባ ልጅ፣ «አባዬ፣ አሁን እርጅና ነው፤ በሚኒባስ ይሂዱ» ስትላቸው፣ «ሐሊማ የሚኒባስ ድምፅ አታውቅም» ብለው እጄን ይዘው ይወጣሉ። ያለ እኔ ሄደው አያውቁም። ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ እኔን መምረጣቸው እንዴት ያኮራኝ ነበር!

ተረቱ እንዲህ ነው። አባባ «ቢስሚላህ» ብለው ሞተሩን ያስነሱና «አንዲት ቀበሮ ሠርግ ተጠርታ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ከፊቷ ማን ብቅ አለ?» ይላሉ። መልሱ የእኔ ነው። ደንቡ ግን ከባድ ነበር፤ መንገዱ ላይ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።

«ሁለት አህዮች፣ ገብስ የተጫኑ።»

«በየት በኩል?»

«መሀል ለመሀል።»

«ቅርብ ናቸው ሩቅ?»

«እዚያ፣ ባሕር ዛፉ ጋ።»

«እንግዲያው ቀበሮዋ ቀስ አለች። ‹አያ አህያ፣ ሙሽራይቱ እንዴት ነች?› ብላ ጠየቀች።» እሜቴም ከቀበሮዋ ጋር ቀስ ትላለች። አህዮቹ በአባባ አፍንጫ በኩል እያናፉ ሲመልሱ እኔ በሳቅ ፍርፍር እላለሁ። ባጃጅ ከመጣ ባለሦስት እግር ፍየል ነው፤ ጭነት መኪና ከመጣ ደግሞ ማንም አጠገቡ የማይቆም ጥጋበኛ ዝሆን። ወላሂ፣ የዚያን አገር ተረት ግማሹን የፈጠርኩት እኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዋሸሁ። መንገዱ ባዶ ሆኖ ተረቱ ቢቀዘቅዝብኝ «ትልቅ በሬ! መሀል መንገድ ተኝቷል!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ረገጡት። ግንባሬ ከፊት ለፊቱ ብረት ጋር ተላተመ፤ ከኋላችን የነበረው መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ለጥቂት አለፈን።

«የታል በሬው?»

«ቀልዴን ነው፣ አባባ።»

«ሁለተኛ ያላየሽውን እንዳትነግሪኝ! ሰምተሻል?» አሉኝ። ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። ሞኟ እኔ፣ ተረትን እንዲህ የሚያከብር ሰው አለ እንዴ ብዬ ይበልጥ አደነቅኳቸው።

ያቺ ቀበሮ ግን አንድም ቀን ሠርጉ ላይ ደርሳ አታውቅም። እትዬ ሐሊማ በር ላይ ስንደርስ «የቀረው ለሳምንት» ይባላል። ክረምቱ ሊገባ ሲል በነበረ አንድ ቅዳሜ ታዲያ አኮረፍኩ። «ዛሬ ሠርጉ ጋ ካልደረሰች አልናገርም» ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ማን ብቅ አለ?» አሉ አባባ። ዝም። ሳቁ። «ኧረ እመቤት፣ ማን ብቅ አለ?» ዝም። ጭጋጉ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ ከፊታችን ያለውን መንገድ ይሸፍን ጀምሯል። «ልጄ፣ ተይ፣ አትቀልጂ።» ድምፃቸው ተለወጠ። እሜቴ ቀስ አለች፣ ይበልጥ ቀስ አለች፣ በመጨረሻ ዳር ይዛ ቆመች። አባባ ሞተሩን አጠፉት።

ያኔ ሦስት ልጃገረዶች ጀሪካን እንዳዘሉ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። አንዷ በእጇ ኮፈኑን ነካ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ለአባባ እጅ ነሳች።

«አባባ፣ ሰላም እያለችዎት እኮ ነው!» አልኩ ኩርፊያዬን ረስቼ።

«የት ነች?» አሉኝ።

ከፊታቸው ነበረች። እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኳት ያህል ቅርብ።

«ሱቄን የዘጋሁት በሞባይል ምክንያት አይደለም» አሉ አባባ፣ መሪውን እንደያዙ። «ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ዓይንዎ አይመለስም ብሎኛል። የመንገዱን ዳርና ዳር አያለሁ፤ መሀሉ ግን የለም። መሀሉን የምታይልኝ አንቺ ነበርሽ።» እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ። «ሐሊማ ትጠብቀኛለች እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በልጅ ላይ ይህን መጫን ነውር ነው። ይቅር በይኝ።»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ምን እንደሚመለስ ስለማላውቅ አለቀስኩ። አባባ ቁልፉን ነቅለው መዳፌ ላይ አደረጉት። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረን፣ እኔ እናገራለሁ ብዬ ብለምናቸው፣ «አንድ እርምጃ አልነዳትም» አሉ። ስኳሩን ተሸክመው፣ እጄን ይዘው፣ በእግራችን ተጓዝን። ቀበሮዋም ያን ቀን በእግሯ ሄደች፤ በጭጋጉ ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ገሳይ ስንገባም ሠርጉ ላይ ደረሰች። «ሠርጉ የማን ነበር?» አልኳቸው። «የማንም ይሁን፤ በሰላም ደረሰች፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

እትዬ ሐሊማ በር ላይ ቆሜ የእሜቴን ድምፅ በአፌ አጉረመረምኩላቸው። ከውስጥ «ዛሬስ ጉንፋን ይዟታል!» የሚል የሳቅ ድምፅ መጣ። እህልም ቀመሱ።

እናቴ ስትሰማ ያለችውን አልደግመውም። ለሳምንታት አባቷን አላነጋገረችም፤ እውነቷን ነበር። መኪናዋ ትሸጥ ሲባል ግን አባባ «እሜቴ ባለቤት አላት፤ ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰው ከመንገድ ነድቶ የመለሳት እሜቴ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ጠበቀችኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት አባባ ከኋላዋ ቁጢጥ ብለው፣ በጣታቸው ዊንጣውን እየዳበሱ፣ እንደ ድሮው በጆሯቸው አከሟት።

እትዬ ሐሊማ ካረፉ ቆዩ። አባባም ዛሬ ዳሩንም አያዩም። አንዳንድ ቅዳሜ ግን እኔ መሪውን፣ እሳቸው የእኔን የድሮ ወንበር ይዘን፣ ወደ ገሳይ እንወጣለን። ስለዚያ ጊዜ ተቀይሜያቸው እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል። እንዴት ተደርጎ? እኔ ዓለምን በደንብ ማየት የተማርኩት ለእሳቸው ስነግራቸው ነው፤ ያንን ፍርሃት ባልረሳውም፣ ቁልፉን የነቀለውን እጅ ሳስብ ፍቅሬ ይብሳል።

ከተማውን እንደወጣን አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ። «ቀበሮዋ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ከፊቷ ማን ብቅ አለ?»

አባባ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። «ሁለት አህዮች፣ ገብስ የተጫኑ። እዚያ፣ ባሕር ዛፉ ጋ።»

ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። መንገዱ ባዶ ነው። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ያንባርቅ። እኔ ፍሬኑን ረገጥ አድርጌ አህዮቹን አሳልፋለሁ።