ጠሃና አልነሣም ያለው ግመል

ጠሃን በመቀሌ የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ሰው «ጠሃ ገመል» ይለው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ሰፍቷል፣ የስንቱን ሙሽራ ሱሪ አሳጥሯል፤ ስለ ስፌቱ ግን ስም ያወጣለት የለም። ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው ቢኖር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ተወው ወንድሜ፣ ረጅም ነው» ይላል። ነገሩ ግን ረጅም አልነበረም። ሐሙስ ተጀምሮ ቅዳሜ ጧት ያለቀ ነው።

ከወሎ የመጣው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ ግድም ነው። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ የደከመው ይመስል ነበር፤ ሰው የተረፈችውን ዕቃ ጠቅልሎ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ጠሃም በጭነት መኪና ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መካከል፣ የስፌት መኪናውን እንደ ሕፃን አቅፎ መቀሌ ገባ። ራሱ ላይ ከአጎቱ የወረሳት ሰፊ ባርኔጣ ነበረች። ከሩቅ ያየው ሽፍታ መጣ ይላል። ሲቀርብ ከባርኔጣዋ ሥር ያለው ፊት ቀጭንና እንቅልፍ ያጣ ነው፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውም ዝናር ሳይሆን የልብስ መለኪያ ሜትር ነው።

በጨው ገበያው መንገድ ላይ የወይዘሮ ለተኪዳን ቤት ነበር። ወይዘሮ ለተኪዳን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ከቤታቸው የሚሰፋ ሴት ናቸው። በረንዳቸው ጥላ አለው፣ አላፊ አግዳሚውም ያየዋል። ለልብስ ሰፊ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ጠሃ ባርኔጣውን አውልቆ ጠየቃቸው።

«ማን ያውቅሃል?» አሉት።

«አላህ ያውቀኛል፣ እመት።»

«እሱማ እኔንም ያውቀኛል፤ ግን ዋስ ሁን ብዬ አላስቸግረውም። ሰው አምጣ፣ ወደይ፣ የኔ ልጅ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ‹ይህን ሰው አውቀዋለሁ› የሚል ካላገኘህ በረንዳውን ለኣንዶም እሰጠዋለሁ።»

በዚያ ሰፈር ደንቡ እንዲህ ነበር። እንግዳ ሰው ደጅ የሚያገኘው አንድ የሰፈር ሰው ቆሞ ሲመሰክርለት ነው፤ ይህን ብርም ሆነ ወረቀት አይተካውም። ኣንዶም ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው። መስታወቱን የሚሰቅልበትን ምስማር እንኳ በረንዳው ላይ ቀድሞ መትቶ ነበር።

ጠሃ በመስጊዱ ደጃፍ የወሎ ሰዎችን ፈልጎ አገኘ። ሻይ ጋበዙት፣ የአገሩን ዝናብ ጠየቁት። ዋስ ሁኑኝ ሲላቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። «አገርህን ወረኢሉን በስሟ እናውቃታለን። አንተን ግን ያየንህ ዛሬ ነው፤ እንዴት እንዋሽ?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቁም ሰለቸው፣ የስፌት መኪናውን ከደጃፍ ደጃፍ መሸከሙም አደከመው።

ሐሙስ ዕለት ሃይላይ የተባለ የጨው ነጋዴ አሞሌ የተጫነ አንድ ግመል እየሳበ መጣ። ግመሉ የራሱ አይደለም፤ በቅርቡ ከተማ በኲሓ ከቀረ አንድ አፋር የተከራየው ነው። ልክ በወይዘሮ ለተኪዳን ደጅ፣ በመንገዱ መካከል፣ ግመሉ ጉልበቱን አጠፈና ተኛ። ሃይላይ ገመዱን ሳበ፤ አልነሣም። ሦስት ሰዎች አብረው ሳቡ፤ አልነሣም። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋ፤ ግመሉ እንደ ማዛጋት አደረገው።

«ዘወር በሉ! እኔ አውቅበታለሁ» ብሎ ኣንዶም ከነነጭ ጋዋኑ መጣና ጭራውን ጎተተ። ግመሉ አንገቱን አዙሮ ከአፉ ያወጣውን ሁሉ ጋዋኑ ላይ አራገፈበት።

ሕዝቡ ስቆ ሲያበቃ አንዱ ጮኸ፤ «ዋእ! እስላሙ አለ አይደል እንዴ? ያ ባለ ባርኔጣው! ግመል የነሱ ነው!»

ክርስቲያኑ የግመል ሥጋም ወተትም አይቀምስምና፣ እስላም የሆነ ሁሉ ከግመል ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። ወረኢሉ ግን ብርድ አገር ናት፤ ፈረስና በግ እንጂ ግመል አይወጣባትም። ጠሃ ግመል ያየው በመንገድ ሲመጣ፣ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ በሩቅ ነው።

«ወላሂ አላውቅም» አለ ከሕዝቡ መካከል፣ የስፌት መኪናውን እንደ ተሸከመ።

«ትሕትናውን እዩልኝ!»

«ወንድሞቼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግመል አላውቅም። እንዲያውም እፈራዋለሁ።»

«ባለ ሙያ ሁሌ እንዲህ ነው የሚለው!»

ወይዘሮ ለተኪዳንም ከበረንዳቸው ተጣሩ። «በል ወደይ፣ አንሣልን! ይህን ብታደርግ የሚያውቅህ ሰው ይበዛ ነበር።»

ይህን ሲሰማ ጠሃ የስፌት መኪናውን መሬት አስቀመጠ።

መንገዱ ተከፈተለት። ባለ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ገርበብ አድርገው አጮለቁ፤ የስዋ ቤቱ ደንበኞች ጠላቸውን በሽክና እንደ ያዙ ወጥተው በር ላይ ቆሙ። ጠሃ ባርኔጣውን እንደ ደፋ፣ መቀሱ ከኪሱ ብቅ እንዳለ፣ በባዶው መንገድ መካከል ለብቻው ሄደ። ግመሉ በግማሽ ዐይኑ አየው። ጠሃ ፈራና ራቅ ብሎ ዞረው።

«ሊለካው ነው!» አለ አንዱ።

«ሱሪ ሊሰፋለት ነዋ!»

«ሓወይ፣ አራት እግር ነው፤ ጨርቅ አይበቃህም!»

ጠሃ ወደ ፊቱ ተመልሶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቢስሚላህ። በል ተነሥ ወንድሜ» አለው።

«አማርኛ አይሰማም!» አሉ ከስዋ ቤቱ በር።

«በትግርኛስ ሰምቷችሁ ነበር?» አለ ጠሃ።

ትልቅ ሳቅ ሆነ። ግመሉ ግን አልነሣም። ጠሃም ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰው ዘዴው ይህ ነው ብሎ ጠበቀ። ዘዴው አላልቅ ሲል አንዳንዱ ወደ ጉዳዩ ሄደ፤ የጭነት መኪናውም በሌላ መንገድ ዞረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀሩት ጠሃ፣ ሃይላይና ግመሉ ነበሩ።

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ፣ ሓወይ። ይነሣል?» አለው ሃይላይ።

«አላውቅም አልኳችሁ እኮ።»

ሃይላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብሎ አየው። «እንግዲያው ኲሓ ሄጄ አፋሩን ፈልጌ እስካመጣ ከጭነቱ ጋር ቁጭ ትልልኛለህ?»

«መቀመጥማ እችላለሁ» አለ ጠሃ።

ኣንዶም ሥራውን ጨርሶ ሲያልፍ፣ «ባለ ግመል! ቅዳሜ በረንዳው የኔ ነው፤ ዘመድህን ይዘህ ሌላ ሰፈር ፈልግ!» አለው። ወይዘሮ ለተኪዳን ሻይና ዳቦ ይዘው ወጡ። «ሥጋ የለበትም፣ ብላ» አሉት። ሌሊቱን ጋቢውን ተከናንቦ፣ በአሞሌው ላይ ዐይኑን ሳይከድን አደረ። በማግስቱ ጁምዓ ሲጠራ ጨውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትምና ጋቢውን እዚያው አንጥፎ ብቻውን ሰገደ።

አፋሩ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በምላሱ አንድ ድምፅ አሰማ፤ ግመሉም እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሣ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ሃይላይ።

«ደክሞት። ሲያርፍ ይነሣ ነበር። እናንተ ምን አስቸኮላችሁ?»

ቅዳሜ ጧት ኣንዶም መስታወቱን ተሸክሞ መጣ። ጠሃም የስፌት መኪናውን ይዞ መጣ፤ የመጣው ግን ለመሰናበት ነው። አብሮት የቆመ ሰው አልነበረም። «እመት፣ ሰው አላገኘሁም» አለ።

ሃይላይ አሞሌውን ሊያስረክብ በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ ቆመ። «እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

«መቼ አወቅኸው?» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ግመል እንደማያውቅ አውቃለሁ።»

ኣንዶም መስታወቱ በእጁ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ። «ያንንማ መቀሌ በሙሉ አየ!»

«አየ። እሱ ግን ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ነን። አልችልም አለ፣ እውነትም አልቻለም። መቀመጥ እችላለሁ አለ፤ ስመለስ ከአሞሌው አንድም አልጎደለም። ኣደይ ለተኪዳን፣ እንዳለው ሆኖ ስለሚገኝ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይታወቃል? ዋሱ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ለተኪዳን ወደ ኣንዶም ዞረው፣ «አንተስ አውቅበታለሁ ብለህ ጭራ የጎተትኸው አልነበርክም?» አሉት። ኣንዶም ጋዋኑን ቁልቁል ተመለከተ፤ ታጥቦም እድፉ አልለቀቀም ነበር። ምስማሩን ሊነቅል እጁን ዘረጋ። «ተወው፣ ባርኔጣውን ይሰቅልበታል» አሉት።

ጠሃ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አሳረፈ። ሳይተኛ የሰነበተ ሰው ነበር።

«እመት፣ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ልተኛ?» አለ።

መልሳቸውን አልሰማም። ግንባሩ መኪናው ላይ አርፎ ነበር። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ሱሪ ያንጠለጠለውን ሁሉ በእጃቸው ምልክት «ከሰዓት በኋላ» እያሉ እየመለሱ ዋሉ።