ሠላሳ ሁለት የተጻፈበት ሳጥን

ኦዴት ላሻንስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራዋ የሌሎችን ጉራ መለካት ነበር። ትሠራበት የነበረው የሞንትሪያል ድርጅት ዲጂታል ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ ውድ ሳጥኖች ያመርታል፤ እሷ ደግሞ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ትለካቸዋለች። አንድ ቀን አለቃዋ ፊቱ ላይ በወርቅማ ቀለም «32 ቢት» የተጻፈበት አዲስ ሳጥን አመጣና የመለኪያው ወረቀት ላይ ፈርሚ አላት።

«ይሄ የሚሰጠው ሃያ ነው፤ እሱንም ደስ ካለው» አለችው።

«ውስጡ ያለው ቺፕ ሠላሳ ሁለት ይቀበላል እኮ።»

«እኔም ሙሉ በሬ ቢያቀርቡልኝ እቀበላለሁ። የምበላው ግን የምችለውን ነው።»

አልፈረመችም። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው አሰናበቷት። እሷም ቨርዳን ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን፣ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፈተች። እሑድ እሑድ ሙዚቃ ለመስማት የምንሰበሰብ ሰባት ሽማግሌዎች ነበርን፤ ቀስ በቀስ ሱቋ መሰብሰቢያችን ሆነ።

ሊቀመንበራችን ኖርማን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ከሰው አፍ ያወጣውን ገንዘብ ሁሉ በጆሮው ጨረሰው እያልን እናማዋለን። በመጋቢት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ «32 ቢት» የተጻፈበትን ሳጥን ገዝቶ ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን አቅፎ ገባ። ሚስቱ ዩጌት ተከትላው ገባችና ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቁጭ ብላ በክር ካልሲ መሥራት ጀመረች።

«ኦዴት፣ ዛሬ አፍሽን የሚያስይዝ ነገር አምጥቻለሁ» አለ ኖርማን።

ኦዴት ሳጥኑን ገልበጥ አድርጋ አየችውና ሳቀች። «ስማኝ ዶክተር። ድምፅን የምንለካበት መሰላል አለ እንበል፤ አንድ ቢት በጨመርክ ቁጥር የመሰላሉ ደረጃ እጥፍ ይሆናል። አሥራ ስድስት ቢት ከስልሳ አምስት ሺህ በላይ ደረጃ ነው፤ ሃያ አራት ደግሞ ከአሥራ ስድስት ሚሊዮን በላይ። ከዚያ በኋላ ደረጃዎቹ በጣም ይቀጥናሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በራሳቸው ሙቀት ሽሽ የሚሉት ድምፅ ይውጣቸዋል። ማዕበል ላይ ቆመህ የውሃውን ከፍታ በፀጉር ስፋት ለካሁ እንደማለት ነው።»

«የኔ ጆሮ ይሰማዋል።»

«ጆሮህ እኔን በሰማ» አለች ዩጌት ዓይኗን ከክሯ ሳታነሳ።

ኦዴት፣ ሃያ አራትን ከአሥራ ስድስት የማይለይ ጆሮ ሠላሳ ሁለትንማ አይለይም ብላ ፈተና አዘጋጀች። በሃያ አራት ቢት የተቀዳ ለስላሳ የፒያኖ ሙዚቃ መረጠች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ አሥራ ስድስት የወረደ ቅጂም ሠራች። ከካርቶን ጀርባ ሆና አንዱን ወይ ሌላውን አሥር ጊዜ ልታሰማን፣ እኛም የትኛው እንደሆነ ልንጽፍ ተስማማን። ሁላችንም በደንብ እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ስንሰበሰብ የምንበላውን፣ ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የዕለት ቺዝ መብላትም ከለከለች፤ እሱ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን።

ውጤቱን ስታነብ ፊቷ በራ። ኖርማን ከአሥሩ አራት። እኔ ሦስት፤ ሳንቲም ብወረውር ይሻለኝ ነበር። የሌሎቹም ከዚያው አይርቅም። ልትጨርስ ስትል ዩጌት የካልሲውን ንድፍ የያዘ ወረቀት ዘረጋችላት። ጠርዙ ላይ መልሶቿን ጽፋለች። አሥሩንም አግኝታለች።

ኦዴት መጀመሪያ የጠረጠረችው ቅጂዎቹን የምትቀያይርበትን ቁልፍ ነበር። ቀጭ ይል እንደሆነ ጆሮዋን አስጠግታ ደጋግማ ነካካችው፤ ምንም አይልም።

«ምንድነው የሰማሽው?»

«የፒያኖው መጨረሻ ነዋ። አንዱ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሌላው ሊጠፋ ሲል አሸዋ ያኘከ ይመስላል። ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ ቁጭ ብዬ የዚህን ሰውዬ የጥርስ መሰርሰሪያ ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አያመልጠኝም።»

ኦዴት ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረች። ቆይታ መነጽሯን አወለቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ አሥራ ስድስት ስታወርድ ለጆሮ የማይታወቅ ስስ የሽሽ ድምፅ መጨመር አለብህ፤ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች እሱ ነው የሚያለሰልሳቸው። እኔ በቢላ ቆርጬ ነው የጣልኩት። ስንቱን ጀማሪ የሰደብኩበት ስህተት ነው።»

«እንግዲያው ሳጥኔ ልክ ነው ማለት ነው» አለ ኖርማን።

«አንተ አራት ነው ያገኘኸው፤ ዝም በል» አለችው ሚስቱ።

ኦዴት ቅጂውን በትክክል ሠርታ ፈተናውን ደገመችው። ዩጌት ስድስተኛው ላይ እርሳሷን አስቀመጠች። «አሁን አንድ ናቸው። አታድክሙኝ።»

ሰኞ ጠዋት ኦዴት ኖርማን ቤት ደወለች፤ የፈለገችው ግን ሚስቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩጌት በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁ ትውላለች፤ አንዷ ትለካለች፣ አንዷ ትሰማለች። በመከር ለጥገና በመጣ አንድ ማጉያ ተጣሉ። መለኪያው ንጹሕ ነው ቢልም ዩጌት ሲሞቅ ያጉረመርማል ብላ ድርቅ አለች። ሁለት ሰዓት አሙቀው ሲከፍቱት አንድ ብየዳ ተሰንጥቆ አገኙት። ኦዴት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አኩርፋ ዋለች። በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ አስቀርጻ ሰጠቻት።