የእህቴን የሠርግ ብቅል ያበላሸው እጄ አይደለም

የእህቴን የሠርግ ብቅል ያበላሸችው እሷ ናት ተብሎ በሴቶች ፊት ተፈርዶብኛል። አልተጠየቅሁም አልልም፤ ተጠይቄያለሁ። ግን ጥያቄው ራሱ ፍርድ ነበር። ይህ በደል መሆኑ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ለዚህ የሚበቃ ፊደል አለኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ሳህን ነው። ሓወልቲ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮት ላይ ስንዴ በዝርግ ሳህን ታበቅላለች። ሣሩን ቆርጣ ትፈጭና ጭማቂውን ትጠጣለች፤ "ለጤና ነው" ትላለች። በቀደም ቶሎ እንዲያድግላት ሳህኑን በላስቲክ ሸፈነችው። በሦስተኛው ቀን ስትገልጠው ያ ሽታ ወጣ። የኮመጠጠ፣ ለብ ያለ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ሽታ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

"ዓባየይ፣ ምነው? ላስቲኩ አፍኖት ሻገተ እኮ ነው። ሌላ እዘራለሁ" አለችኝ።

እንዲህ በቀላሉ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የታላቅ እህቴ ሠርግ ቀርቧል። ለስዋው የሚሆነው ገብስ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ ጓዳ ውስጥ የጉሎ ቅጠል ተጎዝጉዞለት ተሰጣ። ላዩም ቅጠል ለብሶ ድንጋይ ተጫነው። ስዋ የምንለው ጠላውን ነው፤ ያለ ብቅል አይጠመቅም። በእኛ ቤት ደግሞ ብቅል የሚጠብቀው አንድ እጅ ብቻ ነው። እስኪደርስ ድረስ ሌላ ሰው አይገልጠውም። እናቴ "የሷ እጅ ቀላል ነው" ብላ እኔን መረጠች። ኮርቼ ነበር።

ጓዳው መስኮት የለውም። በቀትር እንኳ በበሩ ስንጥቅ የምትገባ አንዲት ቀጭን ብርሃን ብቻ ነበረች። ውኃ ልረጭ ቅጠሉን አንስቼ እጄን ብሰድ ገብሱ ይሞቃል። እንደተኛ እንስሳ ሆድ ይሞቃል። ጮኼ ወጣሁ።

ደጅ ሽንኩርት የምትልጠው አክስቴ ሳቀችብኝ። "ነከሰሽ እንዴ? ነፍስ አለው እኮ፣ ሊበቅል ነው!"

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ፈትቷት እኛ ቤት ተጠግታ ነበር የምትኖረው። በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር አንስታ በላስቲክ ለወጠችው። "ይሄ ሙቀት ይይዛል፣ ቶሎ ያደርስልናል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ አዲስ ነገር አትወድም" አለችኝ። አልነገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንደሆነ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ፤ በደም ላይ ያለች ሴት ብቅል እንደማትነካም ሰምቻለሁ። ግን እኔ ካልረጨሁ ማን ይረጫል? ለማንስ ምን ብዬ ልናገር? ጨርቅ አጥብቄ ታጥቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። ላስቲኩን በአንድ ጥግ ገልጬ ረጨሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በዚያ ቀን ሽታው ተለውጦ ነበር። እኔ ነኝ አልኩ በልቤ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። 

በአምስተኛው ቀን እናቴ ሊደርስ ነው ብላ የጎረቤት ሴቶችን አስከትላ ገባች። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ላስቲኩ የለም። ቅጠሉ ተመልሶ፣ ድንጋዩም ተጭኖበት ነበር። እኔ አላነሳሁትም። ቅጠሉ ሲገለጥ ገብሱ ነጭ ጸጉር አብቅሎ እንደ ጭቃ ተያይዟል። እናቴ አፏን ያዘች። የሠርግ ብቅል ከተበላሸ ለሙሽራዋ መጥፎ ገድ ነው ይባላል።

ከሴቶቹ ጋር የገባችው አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ፣ በደም ሆነሽ ነው የነካሽው?"

ላስቲክ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን በደም መሆኔም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንዳበላሸው አላውቅም። አንገቴን ደፋሁ።

"በቃ፣ እጇ ነው" አለች አንዷ ጎረቤታችን።

ሴቶቹ ከየቤታቸው ብቅል አዋጡና ድግሱ ተደገሰ። እኔን ግን ገዱን እንዳላበላሽ ብለው ሙሽራዋ እስክትወጣ ጎረቤት ቤት ዘጉብኝ። እህቴ ስትሄድ አላየኋትም። እልልታውን በግድግዳ ሰማሁ።

ትልቁ ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ ባሳለች ቁጥር እደነግጥ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ሲወለድ ማንም ምንም አላለኝም። ያቺ ጎረቤታችን ብቻ እጄን አየች። ከዚያ ወዲህ የሰው አራስ ልጅ አቅፌ አላውቅም። የራሴን ልጆች እንኳ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ነው ያጠባኋቸው። ይህችን የስንዴዋን ልጅ አርባ ቀን እስኪሞላት አልነካኋትም፤ እናቷ እስከ ዛሬ ንቀት ይመስላታል።

የልጅ ልጄ ስለ ላስቲኩ በነገረችኝ ማግስት ባጃጅ ይዤ ዓይደር ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ አልፏታል። ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝና፣

"ገና ሳትቀመጪ የዳኛ ፊት ይዘሽ መጣሽሳ!" አለች እየሳቀች።

"ሓትኖይ፣ የእህቴን ብቅል ላስቲክ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

ሳቋ ቆመ። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች።

"እኔ ነኝ።"

"ያበላሸው እሱ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"ስገልጠው ዐወቅሁ።"

"ታዲያ እኔን ለምን?"

"ጓለይ፣ አንቺ የቤቱ ልጅ ነበርሽ። ቢቆጡሽም እራትሽን ይሰጡሻል። እኔን ቢያስወጡኝ ወዴት እሄዳለሁ?"

"እሺ፣ ያኔስ ይሁን። የእህቴ ልጅ ሲሞትስ? ጎረቤታችን እጄን ስታይ ዝም አልሽ።"

እጄን ፈልጋ ያዘች። 

"ያንቺ እጅ እንዳልሆነማ ዐውቃለሁ" አለች። "ያንን ሕፃን የገደለው የኔ እጅ ነው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።"