ጀማልና ዝም ያለው ራዲዮኔ

የሰፈራችንን ራዲዮ ጠጋኝ ጀማልን የበደልኩት እኔ ነኝ። እኛ ድሬዎች ዕቃችን ሲፈታ ካጠገቡ አንነሣም፤ ኦርጅናሉ ወጥቶ ቻይናው እንዳይገባ። የዚያን ቀን ግን ሙቀቱ አባረረኝና ራዲዮኔን ጥዬለት ሄድኩ። ጠግኖ ሰጠኝ፤ በሳምንቱ ድምፁ ጠፋ። መልሼ ላሳየው ሲገባኝ፣ ሰፈራችንን ሳቢያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ "ስፒከሬን ሰረቀኝ!" አልኩ። ደንበኞቹ ሸሹት።

በመጨረሻ ራሱ ቤቴ መጣ።

"አቦ አምጪው፣ ዓይንሽ እያየ ልፍታው!"

ፈታው። የስፒከሩን ሽቦዎች ከባትሪ ድንጋይ ጋር ነካ ሲያደርጋቸው ስፒከሩ ጠሽ አለ። "ይኸው የራስሽ ስፒከር፤ ደህና ነው።" ከዚያ የጆሮ ማዳመጫው ከሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ አንድ ስባሪ ጫፍ በመርፌ ፈልቅቆ አወጣ። "እዚህ ውስጥ ነገር ካለ ስፒከሩ አይናገርም። ማን ሰበረው?"

እኔ ነኛ! ማዳመጫውን በችኮላ ስነቅል። ራዲዮኑ ሲለፈልፍ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

"አቦ አንቺ" አለኝ መፍቻውን እየሰበሰበ፣ "ይኸ ተጠገነ። ስሜንስ?"

እንዲህ አልኩት፦ "ተነሣ ጀማል፤ ሌባ ባልኩህ በር ሁሉ አብረን እንቆማለን፣ አንተ እየሰማህ 'ውሸታሟ እኔ ነኝ' እላለሁ።"