ገደኛው ሰውዬ

ድንቁርናን እችላለሁ፤ ሲጨበጨብለት ግን አልችልም። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ዓሣ ልበላ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለው ወፍራም ሰውዬ ጓደኞቹን እየጋበዘ ይደነፋል። ጎረቤቱን ደብድቦ አንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት ኖሮ፣ ዳኛዋ በሁለት ዓመት ገደብ ለቅቃዋለች።

«ገደብ የመጣው ገድ ከሚለው ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ገደኛ መሆኔን አይታ ማረችኝ!»

ጓደኞቹ አጨበጨቡ። የሚበሉት ዓሣ የእሱ ነው፤ ምን ያድርጉ?

«ወንድሜ» አልሁት፣ «ገደብ የመጣው ገደበ ከሚለው ነው። ያ ዓባይ መውጫ ላይ ያለው ግድብ ውኃውን ያቆመዋል እንጂ አያደርቀውም። ያንተም እስራት ተጠራቅሞ ቆሟል። ከአሁን በኋላ አንድ ሰው ብትመታ ይለቀቅብሃል።»

ተነሥቶ አንገትጌዬን አነቀኝ። እኔም ተነሣሁ። የእሱ ቡጢ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ የእኔም አገጩ ሥር ቆመ። ማናችንም ሳንመታ እንደተፋጠጥን ዓሣው ቀዘቀዘ።

አንድ ሽማግሌ መሃላችን ገቡ። «እሱስ እስሩን ፈርቶ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ልጄ፣ ተባረክ! እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከወዴት አገኘኸው?»

ከዚያው ከፍርድ ቤት ነው፣ የእኔም ገደብ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል ልበላቸው?