ለባለቤቴ የመጣው የግመል ሻኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ ከወገቧ በታች እንደነበረች ሆና ፊቷና ክንዷ ብቻ እየከሳ ሄደ። ሰው ስለሚያፈጥባት ገበያ መውጣት ተወች። እዚሁ ጅጅጋ ግድግዳ የምንጋራት ሱማሌ ጎረቤታችን አዝናላት የግመል ሻኛ በቅቤ እየጠበሰች ታመጣላት ነበር። የመጣን ምግብ መመለስ እዚህ ነውር ነውና ባለቤቴ ትበላዋለች።

በኋላ ሐኪሙ፣ «ከበሽታ የሚጠብቃት የገዛ ሰውነቷ ተሳስቶ ስቧን እያጠፋው ነው። የምትበላው ቅባት ፊቷን አይሞላውም፤ ጉበቷን ነው የሚጎዳው» አለን። እኔ ፈራሁ። እሷ ግን፣ «ጎረቤታችን ከምትቀየመኝ ብበላው ይሻለኛል» አለችኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሳህኗን ይዛ ስትመጣ ሐኪሙ ያለውን ቀስ ብዬ ነገርኳት። ሳህኗን እንደያዘች ጮኸች።

«ወላሂ፣ እኔ እኮ አንተ የምታስርባት መስሎኝ ስረግምህ ነው የከረምኩት!»

ገብታ ባለቤቴን እቅፍ አደረገቻትና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«እንግዲያው አንተ ብላው! ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ወፍሩልኝ።»

ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። እኔም ታዝዤ በላሁ።